ጋራዥ ውስጥ የገባው አሸዋ

አሜሪካ ውስጥ የገዛ ጠመንጃውን በገዛ ጋራዡ የሚያድስ ሰው ብርቅ አይደለም። የአያቱን የአደን ጠመንጃ ዝገት በልቶት ያገኘ፣ ከጦር ሠራዊት መጋዘን የወጣ አሮጌ መሣሪያ በርካሽ የገዛ፣ ወይም የሽጉጡ ቀለም ተፋፍቆ ያስጠላው ሁሉ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መሣሪያውን ፈታትቶ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋዋል። የፌዴራሉ ሕግ በዚህ ጣልቃ አይገባም፤ የራስን መሣሪያ ማደስ የባለቤቱ ፈንታ ነው። የሰው መሣሪያ እየተቀበሉ በክፍያ ማደስን መተዳደሪያ ማድረግ ግን የፌዴራል ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃድ የማይጠየቀው ባለጋራዥ አለቃውም፣ ሠራተኛውም፣ ተቆጣጣሪውም ራሱ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሚጀምረውም ከዚሁ ነው።

ስለ እድሳት ሲወራ አብዛኛው ወሬ ስለ ቀለሙ ነው። ጥቁር ይሁን ወይስ ቡኒ፣ ስንት ዓመት ይቆያል፣ ስንት ያስወጣል ይባላል። ሙያው ያላቸው ሰዎች ግን ቀለሙን ትተው መጀመሪያ ብረቱን ያያሉ። ብረቱ ላይ ቅባት ካለ፣ በጥጋጥጉ ዝገት ከተረፈ፣ ወይም ገጹ ከልክ በላይ ከለሰለሰ የቱንም ያህል ውድ ቀለም ቢቀቡት አይዝም፤ በወራት ውስጥ ይላጣል። ለዚህ ነው ከቀለሙ በፊት ብረቱን በአየር ግፊት በሚወነጨፍ ደቃቅ ፍሬ መግረፍ የሚመጣው። ሳንድ ብላስት ይሉታል። ስሙ አሸዋን ይዞ ቀርቷል እንጂ በሙያው ዘንድ አሸዋው ከተተወ ቆይቷል። ያልተተወው እዚያው ማንም በማያየው ጋራዥ ውስጥ ነው።

ዘዴው የአንድ ፊላደልፊያዊ ፈጠራ ነው። ቤንጃሚን ቹ ቲልማን በአሜሪካው የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የሰሜኑ ጦር መኮንን ሲሆን፣ ከጥቁር ወታደሮች ክፍለ ጦሮች አንዱን፣ ሦስተኛውን፣ በአዛዥነት መርቷል። ጥቅምት 18 ቀን 1870 እ.ኤ.አ. (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በቁጥር 108,408 የተመዘገበውን የፈጠራ መብት አገኘ። በበረሃ ነፋስ የሚነዳ አሸዋ የመስኮት መስታወት ሲያደበዝዝ አይቶ ነው ሐሳቡ የመጣለት የሚል ወግ አለ፤ ወግ ነውና እንደ ወግ ይወሰድ። የተመዘገበው ሐሳብ ግን ግልጽ ነው። አሸዋ በእንፋሎት ወይም በአየር ኃይል ከተወነጨፈ ድንጋይ ይቆርጣል፣ መስታወት ይቀርጻል፣ ብረት ያጠራል። ብዙም ሳይቆይ ዘዴው የመቃብር ድንጋይ ላይ ፊደል ለመቅረጽ፣ ከቅርጽ የወጣን ብረት ለማጽዳት፣ በኋላም የመርከብ አካልና የድልድይ ብረት ዝገት ለማራገፍ ዋለ።

ወደ መሣሪያ ሥራ በሰፊው የገባው በሌላ በር ነው። በ1906 ቶማስ ኮስሌት የሚባል እንግሊዛዊ ብረትን በፎስፎሪክ አሲድ ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክሮ ዝገት የሚከላከል ሽፋን የሚያወጣበትን ዘዴ አስመዘገበ። በ1915 ክላርክ ፓርከር በዲትሮይት ባቋቋመው ኩባንያ ዘዴው ተሻሽሎ ለገበያ ቀረበና በእሱ ስም ፓርከራይዚንግ ተባለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ወታደር የተሸከመው የኤም 1 ጋራንድ ጠመንጃ ያ አመዳም፣ አንዳንዴ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ መልክ የመጣው ከዚህ ነው። ብረቱ መጀመሪያ ይገረፋል፣ ከዚያ ይነከራል። የተገረፈው ሻካራ ገጽ የፎስፌቱን ክሪስታሎች ይይዛል፤ ክሪስታሎቹ ደግሞ ዘይት ይመጥጣሉ፤ ዝገትን የሚከለክለው ያ የተመጠጠው ዘይት ነው። ለውጊያ የተሠራ ጠመንጃ በፀሐይ እንዳያብለጨልጭ መደረጉ በተጨማሪ የመጣ ጥቅም ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሁሉም ዓይነት ሽፋን የተገረፈ ብረት አይፈልግም። በጥንታዊዎቹ ኮልትና ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሽጉጦች ላይ የሚታየው ጥልቅ ጥቁር ሰማያዊ መልክ የሚገኘው ብረቱ በጥንቃቄ ተወልውሎ ሲያበራ ነው። በሙቅ ጨው የሚደረገው ይህ ማጥቆር፣ በኮስቲክ ሶዳና በናይትሬት ውስጥ ወደ 140 ዲግሪ ሴልሺየስ ግድም የሚሠራ፣ የብረቱን ገጽ አይሸፍንም፤ ያለውን ያጎላል እንጂ። የተገረፈ ብረት በዚህ ጨው ውስጥ ቢነከር የሚወጣው ድብዝዝ ጥቁር ነው። ያንን የሚፈልግ አለ፤ ሳያውቅ የሚደርስበት ግን ይበዛል። አይዝጌ ብረት ደግሞ የተለመደውን ማጥቆሪያም ፓርከራይዚንጉንም አይቀበልም። አሉሚኒየምም እንዲሁ። የኤአር-15 ጠመንጃ አካል ጠንካራ ሽፋኑን ያገኘው በኤሌክትሪክ ኃይል በተፈጠረ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ንብርብር ነው። ያንን ገርፎ ማንሳት ማለት ከማንኛውም የጣሳ ቀለም የሚበልጥን ሽፋን አንስቶ በደካማ መተካት ማለት ነው።

መገረፍን በግድ የሚፈልገው የዘመኑ ሽፋን በሴራሚክ ላይ የተመሠረተው ነው፤ ዝነኛው ሴራኮት ሲሆን የሚሠራው በኦሪገን ክፍለ ግዛት ነው። እጅግ ስስ ነው፤ ውፍረቱ 25 ማይክሮን አካባቢ፣ ከሰው ጸጉር የቀጠነ። በመርጫ ይረጭና በምድጃ ይጋገራል፤ በብረት ላይ የሚውለው የተለመደው ዓይነት በ250 ፋራናይት፣ ማለትም በ121 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ለሁለት ሰዓት። (እንጀራና ዳቦ የሚገባበት የወጥ ቤት ምድጃ ለዚህ አይሁን፤ የተለየ ምድጃ ያስፈልጋል።) አምራቹ ከ100 እስከ 120 ቁጥር ባለው አሉሚኒየም ኦክሳይድ ወይም ጋርኔት እንዲገረፍ ያዛል። አሸዋ የለበትም።

ለምን እንደሌለበት ለመረዳት ስለሚረጨው ፍሬ ትንሽ መቆየት ይገባል። ጥንካሬ በሞስ መለኪያ ከ1 እስከ 10 ይሰፈራል፤ አልማዝ 10 ነው። አሉሚኒየም ኦክሳይድ 9 ላይ ይቀመጣል፤ ፍሬው ስለታም ነው፣ ብረቱን በደቃቁ ይቧጥጠዋል፣ ደጋግሞም ያገለግላል። ጋርኔት ከ7 በላይ ነው። የአሸዋው ኳርትዝም 7 ነው። ስለዚህ አሸዋ መቁረጥ አይሳነውም። ችግሩ የሚመጣው ብረቱን ሲመታ ነው፤ ይፈረካከሳል፣ አንዱ ፍሬ በአንድ ምት ዓይን ወደማያየው ብናኝ ይለወጣል። ከሁለት ሦስት ዙር በኋላ ካቢኔ በሚባለው የመግረፊያ ሣጥን ውስጥ የሚቀረው ብረት የማይቧጥጥ፣ ሳንባ የሚገባ ዱቄት ብቻ ነው።

የመስታወት ዶቃ ሌላ ዓይነት ነው። ክብ ስለሆነ አይቧጥጥም፤ ብረቱን እየቀጠቀጠ ለስላሳ፣ ሐር የመሰለ ድምቀት ይሰጠዋል። አይዝጌ ብረት ሽጉጥ ላይ ያለ ሌላ ሽፋን ብቻውን ያምራል። ለቀለም ግን አይሆንም፤ ቀለሙ የሚነክስበትን ጥርስ አይሠራምና። የዎልነት ቅርፊት ፍርፋሪና ቤኪንግ ሶዳ ለስላሶች ናቸው፤ ቆሻሻና አሮጌ ቀለም ያነሳሉ፣ ብረቱን አይነኩም። በገበያ በርካሽ የሚሸጠው ጥቁሩ የድንጋይ ከሰል ዝቃጭ ደግሞ ነፃ ሲሊካው ከአሸዋ እጅግ ያነሰ ቢሆንም ከነጭራሹ ንጹሕ አይደለም፤ ቤሪሊየም የሚባል መርዛማ ብረት በጥቂቱ ይገኝበታል። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት በ2017 ባወጣው የቤሪሊየም ደንብ ውስጥ ይህን የመግረፍ ሥራ ያካተተው በዚህ ምክንያት ነው።

ከፍሬው ቀጥሎ የሚያስቸግረው አየሩ ነው። ካቢኔው በጣም ተራ ማሽን ነው፤ ሁለት ጓንት የተሰፋበት የብረት ሣጥን፣ ፊት ለፊት መስታወት፣ ውስጡ መብራት፣ ታች እንደ ቁና የተሠራ የፍሬ ማከማቻ። አየሩ ኖዝል በሚባለው የመርጫ አፍ ሲያልፍ ከታች ፍሬውን በቱቦ እየሳበ ይተፋዋል። የርካሽ ካቢኔ ዋጋ ብዙም አያስደነግጥም፤ የሚያስደነግጠው ኮምፕረሰሩ ነው። ትንንሽ ካቢኔዎች እንኳ በ80 ወይም በ90 ፒኤስአይ ግፊት በደቂቃ ከ5 እስከ 15 ኪዩቢክ ጫማ አየር ይጠይቃሉ። ለጎማ መንፊያና ለምስማር መምቻ ተብሎ የተገዛ የቤት ኮምፕረሰር አብዛኛውን ጊዜ ከ4 ወይም ከ5 አይበልጥም። ውጤቱ የታወቀ ነው። አንድ ደቂቃ ይረጫል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ሰውየው ቆሞ ይጠብቃል፣ ሞተሩ ያለ ፋታ እየሮጠ ይሞቃል። የሞቀ ኮምፕረሰር ደግሞ ውኃ ያመጣል፤ እርጥበቱ ፍሬውን ያጠቀልለዋል፣ ቱቦው ይደፈናል፣ ብረቱም ገና በተገረፈበት ይዝጋል። በኮምፕረሰሩና በኖዝሉ መካከል የውኃ መያዣ ያልገጠመ ሰው ለሰዓታት የማይገባው ጣጣ ውስጥ ይወድቃል።

ጠጋ ብለን የአንድን ሽጉጥ የላይ አካል ሂደት እንይ። መጀመሪያ ሁሉም ነገር ይፈታል፤ ሞላ፣ ፒን፣ ማነጣጠሪያ። ቀጥሎ በአሴቶን ይዘፈዘፋል። ብረት ድፍን ይመስላል እንጂ በጉድጓዶቹና በስፌቶቹ ዘይት ያቆራል፤ ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ሰዎች ከተዘፈዘፈ በኋላ በምድጃ ሞቅ አድርገው የሚያዩት። ሲሞቅ ከቡሎን ቀዳዳዎችና ከማነጣጠሪያው ሥር ቡናማ የዘይት ላብ ያወጣል። ካወጣ ተመልሶ ይዘፈዘፋል። ቅባት ያለበትን ብረት መግረፍ ቅባቱን አያነሳም፤ ፍሬውን ያበላሻል፣ ቅባቱን ብረቱ ውስጥ ይደቁሰዋል። ከዚያ ካቢኔው ይዘጋል። ጥቁሩ ገጽ ኖዝሉ በሄደበት ሁሉ ወደ ድብዝዝ ግራጫ ይለወጣል፤ ያልተነካው ቦታ እንደ ጥላ ይለያል። ኖዝሉ ቀጥ ብሎ ከቆመ ብረቱን በአንድ ቦታ ይበላዋል፤ ስለዚህ ሰያፍ ተደርጎ ሳያቋርጥ ይንሸራተታል። ደረቁ ፍሬ በጓንቱ ውስጥ ስለሚሻሽ ኤሌክትሪክ ይከማችና ጣትን ቆንጠጥ ያደርጋል፤ ሽቦ ወደ መሬት ያልተያያዘበት ካቢኔ ተጠቃሚውን በየደቂቃው ያስደነግጣል። ሲያልቅ ብረቱ በባዶ እጅ አይነካም፤ የጣት ላብ አሻራ በሰዓታት ውስጥ ዝገት ሆኖ ይወጣል። የዚያኑ ዕለት መቀባት ወይም መነከር አለበት።

የማይገረፉ ቦታዎች ዝርዝር ከሚገረፉት ይበልጥ አስፈላጊ ነው። የበርሜሉ ውስጥ፣ ጥይት የሚጎርስበት ክፍል፣ የአፈሙዙ ጠርዝ፣ የቃታው ክፍሎች እርስ በርስ የሚነካኩበት ገጽ፣ የላይና የታች አካል የሚንሸራተቱበት ሐዲድ፣ የቡሎን ጥርሶች፣ ሞላዎች፤ እነዚህ ሁሉ በጎማ ወይም በሲሊኮን ቡሽ ይደፈናሉ፣ አለዚያም ፈጽሞ ካቢኔ አይገቡም። የአፈሙዙ ጠርዝ ጥይቱ በርሜሉን ለቅቆ የሚወጣበት የመጨረሻ ቦታ በመሆኑ እዚያ የደረሰች ትንሽ ጉዳት ዒላማውን ታስታለች። የቃታው ክፍሎች በሺኛ ኢንች የሚለካ ልክ አላቸው፤ ሻካራ ከሆኑ ቃታው ይከብዳል፣ ካለቁ ደግሞ መሣሪያው ሳይፈለግ ሊተኩስ ይችላል። ስስ ቆርቆሮ የሆኑ ክፍሎች፣ ለምሳሌ የአንዳንድ ጠመንጃ የጥይት ሣጥን፣ በብዙ ግርፋት ይጣመማሉ።

ከሁሉ በላይ የመለያ ቁጥሩ አለ። የ1968ቱ የመሣሪያ ቁጥጥር ሕግ አምራቾችና አስመጪዎች በእያንዳንዱ መሣሪያ ላይ ቁጥር እንዲያትሙ አስገደደ። ከ2002 ጀምሮ የሚሠሩት ቁጥራቸው ቢያንስ 0.003 ኢንች ጥልቀት እንዲኖረው ታዟል፤ ይህም ከወረቀት ውፍረት የማይበልጥ ነው። አሮጌዎቹ ላይ ያለው ከዚያም ሊያንስ ይችላል። ቁጥሩ የጠፋ ወይም የተለወጠ መሣሪያ መያዝ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። ስለዚህ ቁጥሩ በቴፕ ወይም በጎማ ይሸፈናል። ይህ ለጥንቃቄ ያህል የሚነገር ምክር ሳይሆን ባለቤቱን ከክስ የሚጠብቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ሳንባ።

ክሪስታል ሲሊካ፣ አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ፣ ሲደቅ ከ10 ማይክሮን በታች የሆነው ብናኝ የአፍንጫና የጉሮሮን ማጣሪያ አልፎ ወደ ሳንባ ከረጢቶች ይደርሳል። ሰውነት ሊያስወግደው ይሞክራል፣ አይችልም፤ በዙሪያው ጠባሳ ይሠራል፣ ጠባሳው እየሰፋ ሳንባውን ያደርቀዋል። ሲሊኮሲስ ይባላል። መድኃኒት የለውም። በማዕድን ሥራ ላይ የሚታየው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ዓመት በኋላ ይመጣል፤ አሸዋ በመርጨት የሚመጣው ግን ብናኙ እጅግ የበዛ በመሆኑ በወራትና በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወጣት ይገድላል። የተያዘ ሰው የሳንባ ነቀርሳ የመያዝ ዕድሉም ይጨምራል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም በ1997 ክሪስታል ሲሊካን ካንሰር አምጪነቱ ከተረጋገጠው የመጀመሪያ ምድብ አስገብቶታል።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ብሪታንያ በፋብሪካዎች አሸዋ እንዳይረጭ የከለከለችው በ1949 ነው። የአሜሪካ የሥራ ጤና ምርምር ተቋም፣ ናዮሽ፣ ከ1 በመቶ በላይ ክሪስታል ሲሊካ ያለው ማንኛውም ፍሬ ለመርጨት እንዳይውል በ1974 መከረ። ምክር ነበርና ሕግ አልሆነም። በ1992 ተቋሙ ያወጣው ማስጠንቀቂያ አሸዋ በመርጨት ሲሊኮሲስ የያዛቸውን 99 ሠራተኞች ዘርዝሯል፤ ማስጠንቀቂያው ሲታተም 14ቱ ሞተዋል። በ2016 የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤቱ፣ ኦሻ፣ ለሠራተኛ የተፈቀደውን መጠን በአንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር 50 ማይክሮግራም አድርጎ ዝቅ አደረገው። ይህ መጠን በዓይን አይታይም፤ ሰው አየሩ ጥርት ያለ መስሎት ከተፈቀደው ብዙ እጥፍ ሊተነፍስ ይችላል።

ከጠመንጃ የራቀ ቢመስልም የቱርክ ታሪክ እዚህ ይገባል። ጂንስ ሱሪ ያረጀ እንዲመስል በአሸዋ የሚረጭበት ፋሽን በመጣ ጊዜ በኢስታንቡል ትንንሽ ወርክሾፖች ውስጥ ብዙዎቹ ከምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል የመጡ ወጣቶች በተዘጋ ክፍል፣ ብዙ ጊዜ በጨርቅ ማስክ፣ ይረጩ ነበር። በሃያዎቹ ዕድሜ ሳሉ መሞት ጀመሩ። ቱርክ ሥራውን በ2009 ከለከለች። በ2010 ሌቪስና ኤች ኤንድ ኤም የተረጨ ጂንስ መሸጥ እንደሚያቆሙ አስታወቁ። ከዚህ የሚወሰደው ቁም ነገር አደጋው ከትልቅ ፋብሪካ ይልቅ የሚከፋው ትንሽ፣ ዝግና ተቆጣጣሪ የሌለበት ክፍል ውስጥ መሆኑ ነው። የቤት ጋራዥ ደግሞ ይህ ሁሉ ነው።

እርግጥ ሁለቱ እኩል አይደሉም። በኢስታንቡል የነበረው ልጅ ቀኑን ሙሉ፣ ለዓመታት ይረጭ ነበር፤ ባለጋራዡ በዓመት ሁለት ሦስት ጠመንጃ ቢገርፍ ነው። ማስፈራራቱን ያበዙት ሰዎች ይህን ልዩነት ይረሱታል። ግን የኦሻ ደንብ አሠሪና ሠራተኛ ባለበት ብቻ ነው የሚሠራው፤ በትርፍ ሰዓት የገዛ ጠመንጃውን የሚያድስ ሰው ጋራዥ አይገባም። አየሩን የሚለካለት የለም። ልጆቹ መኪና ውስጥ ሲገቡ ወለሉ ላይ ያለው ብናኝ አብሮ ይነሳል። በዚህ ላይ ጠመንጃ የራሱ ቆሻሻ አለው። የተተኮሰበት መሣሪያ ከጥይቱና ከአቀጣጣዩ የሚወጣ የእርሳስ ብናኝ በየስንጥቁ ይይዛል፤ አንዳንድ አሮጌ ቡሎኖችና ትንንሽ ክፍሎች በካድሚየም የተለበጡ ናቸው። ሳይታጠቡ ከተገረፉ እርሳሱና ካድሚየሙ አየር ላይ ይወጣሉ። ይህ አሸዋ ያልተጠቀመውንም ሰው ይመለከታል።

ጥንቃቄው ውድ አይደለም፤ ስንፍና ነው የሚያስቸግረው። ጋርኔት ወይም አሉሚኒየም ኦክሳይድ ከአሸዋ ዋጋው ቢበልጥም ካቢኔው ውስጥ ደጋግሞ ስለሚሠራ ልዩነቱን ይመልሳል። የካቢኔው ስፌት በሲሊኮን ይደፈናል፣ ብናኙን የሚስብ መምጠጫ ደቃቅ ማጣሪያ ተገጥሞለት ይያያዛል፤ ተራው የቤት ቫኪዩም ከአንድ ጫፍ የሳበውን በሌላው ጫፍ ይተፋዋል። ፒ-100 የሚባለው ማጣሪያ ያለው የግማሽ ፊት ማስክ በእርግጥ ይከላከላል፣ ጺም ያለበት ፊት ላይ ግን አይገጥምም። ለኮቪድ ጊዜ ተገዝቶ የቀረው የጨርቅ ማስክ ለዚህ ምንም ነው። ግርፋቱ ካለቀ በኋላ ወዲያው በሩን ከፍቶ ብረቱን የማየት ጉጉት ነው ብዙውን ብናኝ የሚያስተነፍሰው፤ መምጠጫው ጥቂት ደቂቃ ቢሠራ ደመናው ይወርድ ነበር። ካቢኔ የሌለው ደግሞ ግቢ ወጥቶ በክፍት አየር ልርጭ ካለ፣ ሙያተኞች በዚያ ሁኔታ የሚለብሱት አየር በቱቦ የሚገባለትን የተዘጋ ራስ ቁር መሆኑን ይወቅ። ያንን የማይገዛ ሰው ብረቱን ወደ ባለሙያ ቢወስድ ይሻለዋል።

በውኃ መግረፍም አለ። ፍሬው ከውኃ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚረጭ ብናኙ እጅግ ይቀንሳል፣ ገጹም ለስላሳ ይወጣል፤ ዝገት በደቂቃዎች እንዳይመጣ ግን ውኃው ውስጥ መከላከያ ይጨመራል። ማሽኑ ለቤት ገና ውድ ነው። አሮጌ ጥቁረትን ለማንሳት ብቻ ከሆነ ኮምጣጤ እንኳ ይበቃል፤ የብርጭቆ ወረቀትና ትዕግሥት ደግሞ ከሁሉ ርካሽ ናቸው።

የመጨረሻው ጥያቄ ደግሞ ይህ ብረት መገረፍ አለበት ወይ ነው። በአሜሪካ የአሮጌ መሣሪያ ገበያ ዋጋ የሚተምነው ከምንም በላይ የመጀመሪያው ሽፋን ምን ያህል ተረፈ በሚለው ነው። ተፋፍቆም ቢሆን የፋብሪካውን ጥቁረት የያዘ የ1950ዎቹ ኮልት ፓይተን በጋራዥ ተገርፎ አዲስ ከተቀባ ወንድሙ እጅግ ይበልጣል። ግርፋት ማኅተሞችን ያደበዝዛል፣ ሹል ጠርዞችን ያደነዝዛል፤ የጠፋው ብረት ደግሞ አይመለስም።

እዚህ ላይ ጉዳዩ ወደ ኢትዮጵያ ይዞራል። ባለፉት ዓመታት ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች በአስመጪዎች በኩል ወደ አሜሪካ ገበያ ገብተዋል፤ የ1874 ሞዴል የሆነው የፈረንሳዩ ፉዚግራ፣ የጣሊያን ካርካኖ፣ የተለያዩ ማውዘሮች። ከ1899 በፊት የተሠራው በፌዴራል ሕግ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ስለሚታይ ብዙ ሰው በቀላሉ ገዝቶታል። ሲደርሱ ጭቃና ቀይ ዝገት የሸፈናቸው፣ ቡሎናቸው የጎደለ፣ አንዳንዱም ሰደፉ በቆዳና በቆርቆሮ የተጠገነ ናቸው። ገዢው ዝገቱን ሲያይ የሚመጣለት የመጀመሪያ ሐሳብ ካቢኔ ውስጥ መክተት ነው። ፉዚግራ በአድዋ ከነበሩት ጠመንጃዎች አንዱ ነው። ከማውዘሮቹ ደግሞ ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ታዝዘው የመጡት የይሁዳ አንበሳ ምልክት አለባቸው፤ ምልክቱ ጥልቀት የለውም፣ ጥቂት የግርፋት ደቂቃ ይበቃዋል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ብረት የሚሆነው ሌላ ዘዴ ነው። ቀይ ዝገት በተጣራ ውኃ ውስጥ ሲፈላ ወደ ጥቁር ዝገት ይለወጣል፤ ይህ ጥቁሩ ብረቱን የማይበላ፣ እንዲያውም የሚጠብቅ ዓይነት ነው። ከፈላ በኋላ በደቃቅ የብረት ሱፍ ቀስ ብሎ ይታሻል፣ የላላው ይነሳል፣ ደግሞ ይፈላል፣ በመጨረሻ ዘይት ይቀባል። የሚወጣው መልክ አዲስ አይመስልም፤ አሮጌ፣ ጤነኛና ምልክቱ የሚነበብ ነው። የሚያስፈልገው ረዥም መጥበሻ፣ እሳትና የሁለት ቀን ትዕግሥት ነው።

ስለዚህ ዘመናዊ፣ ተራና ብዙ የተሠራ መሣሪያ በጋርኔት ወይም በአሉሚኒየም ኦክሳይድ፣ በተዘጋ ካቢኔ፣ በማስክ ቢገረፍ የሚነቀፍ አይደለም። የግንባታ አሸዋ ግን ለማንም፣ ለምንም ብረት ቢሆን አይረጭ፤ የሚሸጥበት ከረጢት ጀርባ ላይ ያለው ጽሑፍ ራሱ ስለ ሲሊካ ያስጠነቅቃል። ከአገር ቤት የወጣ ጠመንጃ እጁ የገባ ሰው ደግሞ ምንም ከማድረጉ በፊት ምልክቶቹንና ቁጥሮቹን በጥሩ ብርሃን ፎቶ ያንሳ፣ ሰደፉ ላይ ያለውን ቆዳ አይላጥ፣ ካቢኔውን ይተወው።